አይቼ ያለፍኩት የዛጎል ንጣፍ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት የጂኦሎጂ ባለሙያ ጻፈችልኝ። ጥያቄዋ አጭር ነበር፤ «ጥልቀት በሌለው ባሕር የተከማቸ የአሸዋ ድንጋይ ጥሩ የነዳጅ ማጠራቀሚያ የሚሆነው ሲከማች ባገኘው ጸባይ ነው ወይስ ከተቀበረ በኋላ በደረሰበት?» መልሱን በሦስት መስመር ጽፌ ልልክላት ተቀመጥኩ። ሦስተኛው መስመር ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ይህንኑ ጥያቄ በወጣትነቴ በአንዲት ቃል መልሼው ነበር፤ ያቺ ቃል እስከ ዛሬ ትቆረቁረኛለች። ስለዚህ ለእሷም ለእናንተም፣ ለሙያው አዲስ ለሆናችሁ ሁሉ፣ የሆነውን እነግራችኋለሁ። ፖሮሲቲ (የድንጋዩ ክፍተት መጠን) እና ፐርሚያቢሊቲ (ፈሳሽ የማሳለፍ አቅሙ) ምን እንደሆኑ ተምራችኋልና እሱን አልደግመውም።

ሥራ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት አልሞላኝም ነበር። ከአንድ የባሕር ጉድጓድ የወጣ ኮር፣ አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ረጅም የድንጋይ ዘንግ፣ በየሳጥኑ ተደርድሮ ጠበቀኝ። ድንጋዩ ያምር ነበር። ከታች ጭቃ የተቀላቀለበት፣ የባሕር ትሎች የቆፈሩት ደቃቅ አሸዋ ነው። ወደ ላይ በሄድኩ ቁጥር ቅንጣቱ ይተልቃል፣ ጭቃው ይጠፋል፤ በመጨረሻ ማዕበል ያጠበውና የለየው ንጹሕ አሸዋ ይመጣል። የጥንት የባሕር ዳርቻ ወደ ባሕሩ እየገፋ ሲሄድ የሚተወው አሻራ ይህ ነው። ቅደም ተከተሉ ሁለት ጊዜ ተደጋግሟል። ንጹሑ አሸዋ ነዳጁ አጥቁሮት በጣቴ ስነካው ይፈረፈር ነበር።

በሁለቱ መካከል ግን ነጣ ያለ መቀነት ነበረ፤ ሰማንያ ሴንቲ ሜትር ያህል። ነዳጅ አልነካውም። መዶሻ ሲያርፍበት ይጮኻል፤ አሲድ ጠብ ሲደረግበት ይፈላል። ካልሳይት ነው፤ የኖራ ድንጋይ ማዕድን። በቅንጣቶቹ መካከል ያለውን ክፍተት ሁሉ ሞልቶ ድንጋዩን ደፍኖታል።

ጥያቄው ይህ የተደፈነ ድንጋይ ብቻውን የቆመ ድቡልቡል እብጠት ነው ወይስ ኪሎ ሜትሮችን የሚያቋርጥ ንጣፍ የሚል ነበር። እብጠት ከሆነ ነዳጁ ዞሮት ያልፋል። ንጣፍ ከሆነ ማጠራቀሚያውን እንደ ፎቅ ወለል ለሁለት ይከፍለዋል። በአሥር ሴንቲ ሜትር ኮር ውስጥ ሁለቱም አንድ መልክ አላቸው።

ሳጥኖቹን የሚያነሡልኝና ድንጋዩን በመጋዝ የሚሰነጥቁልኝ አንድ አንጋፋ ሠራተኛ ነበሩ። ስለ ድንጋይ ዲግሪ የላቸውም፤ ነገር ግን እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ ኮር ሲያዩ ኖረዋል። ጣታቸውን በመቀነቱ ሥር አኖሩና «ልጄ፣ ይህን ቦታ ደግመህ እየው» አሉኝ። አየሁት። ከሥሩ ያለው አሸዋ በስለት የተቆረጠ ይመስላል። በተቆረጠው ላይ የተሰባበሩ ዛጎሎችና ጠጠሮች ተነጥፈዋል። ከመቀነቱ በላይ ደግሞ ጭቃማው ደቃቅ አሸዋ እንደገና ይጀምራል።

ዛሬ ይህን ለማንበብ አንድ ደቂቃ አይፈጅብኝም። ባሕሩ ከፍ ብሎ የብሱን ሲወርር ማዕበሉ የዳርቻውን አሸዋ እየጋጠ ይወስዳል፤ ሊወስደው ያልቻለውን ዛጎልና ጠጠር ይተዋል። ያ ቅሪት ባሕሩ በገባበት ሁሉ ሊነጠፍ ይችላል። በኋላ ዛጎሉ ይሟሟና ካልሳይት ሆኖ እዚያው አካባቢ ይረጋል፤ እብጠቶቹ እያደጉ ይገናኛሉ፣ መቀነት ይሆናሉ። ዛጎሉ የት ድረስ እንደሄደ ያወቀ፣ መቀነቱ የት ድረስ እንደሚሄድ ይገምታል።

ያኔም ጨርሶ የማላውቀው ነገር አልነበረም። ዛጎሉን በመግለጫዬ ላይ በእርሳስ ጽፌው ነበር። ነገር ግን ሪፖርቱ በማግስቱ ጠዋት ይፈለግ ነበር፣ አለቃዬም መልካም ዜና ይጠብቁ ነበር። ማታ የእርሳሱን ጽሑፍ አጠፋሁና «የተነጠለ» እብጠት ብዬ ጻፍኩ።

መሐንዲሶቹ ያችን ቃል አምነው በታችኛው አሸዋ ውስጥ ውሃ ማስገባት ጀመሩ፤ ግፊቱ ወደ ላይ አልፎ የላይኛውንም ነዳጅ ይገፋል ብለው። ከሁለት ዓመት በኋላ በአቅራቢያው ሌላ ጉድጓድ ተቆፍሮ ግፊቱ ሲለካ፣ ከመቀነቱ በታች ከፍ ብሎ፣ ከመቀነቱ በላይ ወድቆ ተገኘ። መቀነቱ እዚያም ነበረ፤ በዚያው ቦታ፣ ከሥሩ ዛጎል እንዳለበት። ማንም አልወቀሰኝም። ሪፖርቱን ማን እንደጻፈው ያስታወሰ እንኳ አልነበረም። እኒያ ሠራተኛ ግን ጡረታ ወጥተው ነበርና «ልክ ነበሩ» ልላቸው አልቻልኩም።

ከብዙ ዓመታት በኋላ በደቡብ እንግሊዝ፣ ዶርሴት ውስጥ፣ ዌስት ቤይ ከሚባለው ዳርቻ ገደል ሥር ቆምኩ። ብሪድፖርት ሳንድ የሚባለው፣ ከ170 ሚሊዮን ዓመታት በላይ ዕድሜ ያለው የአሸዋ ድንጋይ እዚያ እንደ ግድግዳ ቆሟል። ለስላሳው ቢጫ አሸዋ በነፋስና በዝናብ ተበልቶ ወደ ውስጥ ሲገባ፣ በካልሳይት የተደፈኑት መቀነቶች እንደ መደርደሪያ ወጥተው ይታያሉ። በዓይኔ እየተከተልኳቸው ረጅም መንገድ ሄድኩ። ይኸው ድንጋይ ወደ ምሥራቅ፣ ዊች ፋርም በተባለው መስክ፣ ከመሬት በታች ነዳጅ ይዟል። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት እዚያ ገደል ሥር አንድ ቀን ውዬ ቢሆን ኖሮ ያችን ቃል አልጽፋትም ነበር። ስለዚህ፣ ድንጋይ ከመሬት በላይ ወጥቶ ወደሚታይበት ሂዱ እላችኋለሁ። እናንተ ዛሬ ማጠራቀሚያውን በኮምፒውተር ላይ በቀለም ትሠሩታላችሁ፤ እያንዳንዷ የሞዴሉ ክፍል ከአንድ ትልቅ አዳራሽ ትሰፋለች፤ ሰማንያ ሴንቲ ሜትር መቀነት በውስጧ ይሰምጣል። ያም ሆኖ እናንተ ከእኛ ትውልድ በአንድ ነገር ትሻላላችሁ፤ «አላውቅም» ለማለት አታፍሩም።

ከኮር በፊት ማይክሮስኮፕ አትንኩ ስል ኖሬአለሁ፤ አሁንም እላለሁ። ይሁን እንጂ ያን ጊዜ ሊረዳኝ ይችል የነበረው ማይክሮስኮፑ ነው። ከዚያ መቀነት የተቆረጠውን ስስ ሽራፊ በኋላ ሳየው፣ ብዙዎቹ ቅንጣቶች እርስ በርስ ሳይነካኩ በካልሳይት ውስጥ ተንሳፍፈው ነበር። ካልሳይቱ የድንጋዩን 40 በመቶ ገደማ ይዟል። ትናንት የተከማቸ ንጹሕ የዳርቻ አሸዋም ክፍተቱ 40 በመቶ ገደማ ነው። እንግዲህ አጣባቂው ካልሳይት የመጣው ክብደት አሸዋውን ሳይጫነው፣ ከባሕሩ ወለል ብዙም ሳይርቅ ነው ማለት ነው።

ለዚህም ነው፣ ልጄ፣ ጥያቄሽን «ይህ ወይስ ያ» ብዬ መመለስ ያቃተኝ። ከተቀበረ በኋላ የሚደርሰው ነገር የት እንደሚደርስ የሚመርጥለት ቀድሞ የተከማቸው ነው። ሌላ ምሳሌ ልስጥሽ። ሙቀቱ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲደርስ ኳርትዝ፣ አብዛኛው አሸዋ የተሠራበት ማዕድን፣ በቅንጣቶቹ ላይ ማደግ ይጀምራል፤ ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ይፈጥናል፣ ጥልቁን አሸዋም ይደፍናል። በኖርዌይ ባሕር ግን ከ4 ኪሎ ሜትር በታች ከ20 በመቶ በላይ ፖሮሲቲ የጠበቁ አሸዋዎች አሉ። ምክንያቱ ክሎራይት የሚባለው የሸክላ ማዕድን ነው፤ ቅንጣቶቹን እንደ ስስ ልባስ ሸፍኖ ኳርትዙን የሚያድግበት ቦታ ነሣው። የክሎራይቱ መነሻም ወንዞች ወደ ባሕሩ ያመጡት ብረት ነው፤ ልባሱ በአብዛኛው የሚገኘው በማንኛውም አሸዋ ላይ ሳይሆን ወንዝና ባሕር በተገናኙበት አካባቢ በተከማቸው ላይ ነው። ኢላይት የሚባለው የሸክላ ማዕድን ደግሞ ሌላ ጠላት ነው፤ እንደ ፀጉር በቀዳዳዎቹ ውስጥ በቅሎ ፖሮሲቲውን እምብዛም ሳይነካ ፐርሚያቢሊቲውን ይገድለዋል። ስለ እሱ ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ።

በደብዳቤሽ ላይ በኮርሽ ውስጥ አምስት የተደፈኑ መቀነቶች እንዳሉና ሁሉንም እብጠት ብለሽ እንደመዘገብሻቸው ጽፈሻል። ሳጥኖቹን እንደገና አስከፍቻቸው። ከእያንዳንዱ መቀነት ሥር ያለውን መገናኛ በውሃ አርሰሽ እዪው፤ የተቆረጠ ነው ወይስ ቀስ በቀስ የሚለወጥ፤ ዛጎል አለበት ወይስ የለበትም፤ ከላዩ ያለው አሸዋ ከሥሩ ካለው ይልቅ ከጥልቅ ውሃ የመጣ ይመስላል ወይስ አይመስልም። ያየሽውን በእርሳስ ጻፊና፣ ሳታጠፊው፣ ላኪልኝ።