መልስ፦ ቻምፕ አምፕሊፋየር ላይ ቮልቴጅ መቀነሻ ስለመግጠም

ወንድሜ፣ ጎረቤት ሳይነሳብኝ ከፌንደር ቻምፕ 5ኤፍ1 (ትንሽ የጊታር ቲዩብ አምፕ) ዲስቶርሽን (አምፑ ከልክ ሲገፋ የሚያወጣውን ሻካራ ድምፅ) ለማግኘት ቮልቴጅ መቀነሻ ልግጠምበት ወይ ላልከው፣ አዎ ግጠም። ለዚህ ሥራ ከሱ የሚቀል አምፕ አታገኝም፤ የፓወር ቲዩቡ (ስፒከሩን የሚነዳው ቲዩብ) አንድ 6ቪ6 ብቻ ነው፣ ባያሱም (ቲዩቡ ሙዚቃ ሳይኖር የሚስበውን ከረንት የሚወስነው ቮልቴጅ) በካቶድ ሬዚስተር ስለሆነ ቮልቴጁ ሲወርድ ራሱን እያስተካከለ ይሄዳል። ፊክስድ ባያስ (በተለየ ኔጌቲቭ ቮልቴጅ የሚሰጥ) ቢሆን ኖሮ ኔጌቲቩንም አብረህ ማውረድ ነበረብህ፣ ጣጣው ብዙ ነው።

ሞስፌቱን (ቮልቴጁን የሚቀንሰውን ትራንዚስተር) ከመጀመሪያው ፊልተር ካፓሲተር (ቮልቴጁን ከሚያለሰልሰው) ቀጥለህ አስገባው። ጌቱን (የሞስፌቱን መቆጣጠሪያ እግር) በ1 ሜጋኦም ፖቴንሽዮሜትር (በእጅ የሚዞር ሬዚስተር) ትቆጣጠራለህ። በጌትና በሶርስ (መውጫ እግሩ) መሀል ዜነር ዳዮድ (ቮልቴጁ ከልክ እንዳያልፍ የሚገድብ) አትርሳ፣ አለዚያ ሞስፌቱ ቶሎ ይቃጠላል። የሂተሩን (ቲዩቡን ከውስጥ የሚያሞቀውን ክር) 6.3 ቮልት ግን እንዳትነካ! የሞስፌቱ ጀርባ ብረት ደግሞ ከ300 ቮልት በላይ ስለሚይዝ ከሻሲው (ከአምፑ የብረት አካል) በሚካ (ስስ የማዕድን ንጣፍ) ለይተህ እሰረው፤ ሚካው ሙቀቱን ያስተላልፋል፣ ኤሌክትሪኩን አያሳልፍም።

ብቻ ተአምር አትጠብቅ። ቮልቴጁን በግማሽ ስትቀንስ 5 ዋቱ ወደ 1 ዋት ገደማ ይወርዳል፣ ለጆሮ ግን ያን ያህል አይቀንስም። በጣም ካወረድከው ድምፁ ይታፈናል፣ እኔ እዚያ ድረስ አልወርድም። ውስጡን ከመንካትህ በፊት ከሶኬት ንቀለው፣ ካፓሲተሮቹን በሬዚስተር አራግፍና በሜትር ለካ፤ ተነቅሎም ይገድላል።