የድጋፍ ደብዳቤ ፈቃድ አይደለም፦ በሕዝብ ሜዳ ላይ ስለሚሰቀል የስፖንሰር ማስታወቂያ

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ ወረዳ እግር ኳስ ክለብ ሥራ አስኪያጅ ነኝ። በሜዳው ከ10 ዓመት በላይ ስንጫወት ኖረናል፤ አጥሩንም በራሳችን ገንዘብ አድሰናል። ከወረዳው የድጋፍ ደብዳቤ አጽፈን ከአንድ የመጠጥ ድርጅት ጋር የአንድ ዓመት የስፖንሰር ውል ፈረምን። ውሉ በሜዳው ላይ የሌላ ድርጅት ማስታወቂያ እንዳይሰቀል ይከለክላል። 12 ባነርና አንድ ትልቅ የብረት ቦርድ ሰቀልን። በሦስተኛው ወር የክፍለ ከተማው ሰዎች መጥተው በቃል አንሡ አሉን፤ ቆየት ብለው ራሳቸው አነሡት። አሁን ስፖንሰሩ ገንዘቤን መልሱ ብሎ ማስጠንቀቂያ ጽፎልናል። መንግሥት ስለከለከለን ከአቅም በላይ ነው ብለን መከራከር እንችላለን? ወረዳውንስ መክሰስ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ ስለ አጥሩና ስለ ባነሩ በደንብ ጽፈዋል። ዋናዎቹን ሦስት ነገሮች ግን ዘለዋቸዋል፦ የድጋፍ ደብዳቤው በትክክል ምን እንደሚል፣ መጠጡ ምን ዓይነት መጠጥ እንደሆነ፣ ገንዘቡም በማን የባንክ ሒሳብ እንደገባ። ጉዳይዎ የሚወሰነው በእነዚህ ነው።

ከደብዳቤው እንጀምር፤ ክለቦች ደጋግመው የሚወድቁበት ጉድጓድ ይኸው ነውና። የወረዳ የድጋፍ ደብዳቤ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው ለሦስተኛ ወገን ነው። ክለቡ በወረዳችን የሚንቀሳቀስ መሆኑን ገልጾ «አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግለት እንጠይቃለን» ይላል። አውጥተው ያንብቡት። ሜዳው ላይ ማስታወቂያ ስቀሉ የሚል ቃል አለው? ስንት ቦርድ፣ በየትኛው ወገን፣ ለስንት ጊዜ፣ ገቢውስ ለማን እንደሆነ ይላል? ከሌለው የያዙት የመልካም ምኞት ወረቀት እንጂ ፈቃድ አይደለም። ማኅተም ስላለበት ብቻ መብት አይሰጥም።

ቢኖረው እንኳ ሌላ ጥያቄ ይከተላል፤ የፈረመው ሰው ሜዳውን የመስጠት ሥልጣን አለው ወይ? ሜዳው ወረዳው ውስጥ መሆኑ የወረዳው ይዞታ አያደርገውም። ካርታው በትምህርት ቤት፣ በክፍለ ከተማ ወይም በከተማው ቢሮ ስም ሊሆን ይችላል። የይዞታ ማረጋገጫውን ሳያዩ ከስፖንሰር ጋር መቀመጥ አልነበረብዎትም። ይህን የምልዎት ልወቅስዎት ብዬ ሳይሆን፣ የሚቀጥለውን ውል እንደዚሁ እንዳይፈርሙ ነው።

በዚያ ላይ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1724 የመንግሥት መሥሪያ ቤትን የሚያስገድድ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም በውልና ማስረጃ ፊት እንዲመዘገብ ይጠይቃል። ሕጉ ያዘዘው ፎርም ካልተሟላ በቁጥር 1720 መሠረት ያለው ረቂቅ ብቻ ነው። ስለዚህ ወረዳውን «ውል አፍርሷል» ብሎ መክሰስ አሁን በያዙት ወረቀት የሚያዋጣ አይመስለኝም።

የ10 ዓመቱ አገልግሎትና የአጥሩ እድሳትም ይዞታ አይሆንልዎትም። ለሕዝብ አገልግሎት የተመደበ ንብረት በቁጥር 1454 እና 1455 መሠረት እንደ ግል ንብረት አይተላለፍም፤ ረጅም ጊዜ በመገልገልም የግል አይሆንም። ክለብዎ ተጠቃሚ እንጂ ባለይዞታ አይደለም። «በሜዳው ላይ ሌላ ማስታወቂያ አይሰቀልም» የሚለውን አንቀጽ ሲፈርሙ፣ በዚያው ሜዳ የሚጫወቱትን የታዳጊ ፕሮጀክቶችና የትምህርት ቤት ቡድኖች መብት ጭምር ሸጠዋል፤ ያልያዙትን።

«ከአቅም በላይ» የሚለውን ክርክር እንመልከት። ቁጥር 1793 የመንግሥት ክልከላን ከአቅም በላይ ከሚባሉት ምክንያቶች ውስጥ ይዘረዝራል፤ ተስፋ ያደረጉት በዚህ ይመስለኛል። ነገር ግን ከእርሱ በፊት ያለው 1792 ባለዕዳው (ግዴታውን መፈጸም ያለበት ወገን፣ እዚህ ክለብዎ) ሊገምተው የማይችል ነገር እንዲሆን ይጠይቃል። ያለ ፈቃድ የተሰቀለ ቦርድ እንደሚነሣ መገመት ይቻላል፤ የስፖንሰሩ ጠበቃም የመጀመሪያ ጥያቄው «ፈቃዱ የት አለ?» ይሆናል። ክርክሩ የሚያዋጣዎት የተሟላ ፈቃድ ኖሮዎት በኋላ የተሻረ ከሆነ ነው።

ይልቅ ድርድሩ ላይ ይበርቱ። ውል ሲሰረዝ ተዋዋዮች በተቻለ መጠን ወደ ቀድሞ ቦታቸው ይመለሳሉ (ቁጥር 1815)። ስፖንሰሩ ግን ሦስት ወር ማስታወቂያው ታይቶለታል፤ የታየ ማስታወቂያ ተመልሶ አይወሰድምና ያ ጊዜ ተቀንሶ የቀረው እንዲመለስ፣ ወይም በማሊያና በተንቀሳቃሽ ቦርድ እንዲተካ ይጠይቁ። ለዚህም ቀን ያላቸው ፎቶዎች፣ የጨዋታ መርሐ ግብርና የባነር ማተሚያ ደረሰኝ ያስፈልጋል። ማስጠንቀቂያውን በዝምታ አይለፉት፤ «እንከፍላለን» የሚል ደብዳቤም ጠበቃ ሳያየው አይጻፉ።

መጠጡ ምንድን ነው? ለስላሳ ወይም ውኃ ከሆነ ይህን አንቀጽ ይለፉት። ቢራ ከሆነ ግን የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 አለ። አዋጁ አልኮል በብሮድካስት እንዳይተዋወቅ ከልክሏል፤ ጨዋታው በቴሌቪዥን ከተላለፈ ቦርዱ ምስል ውስጥ ይገባል። ከ21 ዓመት በታች ላሉ አልኮል መሸጥም ክልክል በሆነበት አገር፣ ታዳጊዎች በሚለማመዱበት አጥር ላይ የቢራ ባነር መስቀል ችግርን መጋበዝ ነው። የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንን በጽሑፍ ጠይቀው መልሱን ፋይል ያድርጉ። ስፖንሰሩ የትምባሆ ድርጅት ቢሆን ኖሮ ደግሞ ስፖንሰርነቱ ራሱ የተከለከለ ነበር።

ገንዘቡ በክለቡ ሒሳብ ካልገባ፣ በአሠልጣኝ ወይም በእርስዎ ስም ከገባ፣ ዛሬውኑ ለጠበቃ ይንገሩ። ተከሳሹ ክለቡ ብቻ ላይሆን ይችላልና። ደረሰኝ ካልቆረጡም የግብር ጥያቄ ይከተላል።

ለወደፊቱ ቅደም ተከተሉን ይገልብጡት፤ ስፖንሰሩ መጨረሻ ላይ ይምጣ። መጀመሪያ ካርታው። ቀጥሎ ከባለይዞታው የተመዘገበ ስምምነት፦ የቦርዱ ብዛትና ስፋት፣ የሜዳው ወገን፣ የሚነሣበት ቀን፣ የገቢው ድርሻ፣ ቦታውን እንደነበረ የሚመልሰው ማን እንደሆነ። ከዚያ ከከተማው የውጭ ማስታወቂያ ፈቃድ፤ የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አለና። «የእኛ ክለብ» የሚለው ሰሌዳ ላይ የስፖንሰር አርማ በጥግ ካለ እርሱም ማስታወቂያ መሆኑን አይርሱ። በስፖንሰሩ ውል ላይ ደግሞ የምመክረው ቃል ይህን ይመስላል፦ «ክለቡ በራሱ ጨዋታ ሰዓትና ባለይዞታው በፈቀደው ቦታ ብቻ ማስታወቂያውን ያሳያል፤ ፈቃዱ ከክለቡ ጥፋት ውጪ ቢሻር ክፍያው ለታየበት ጊዜ ብቻ ይሆናል።»

ከጨዋታ በፊት ተዘርግቶ ሲያልቅ የሚነሣ ቦርድ ከቋሚው የተሻለ ነው፤ ባለይዞታው እርሱንም በጽሑፍ ይፍቀድ። በእግር ኳስ ሕግ ቁጥር 1 መሠረት የቆመ ማስታወቂያ ከጎን መስመሩ ቢያንስ 1 ሜትር ይርቃል፤ ከጎሉ ጀርባ ደግሞ ከጎል መስመሩ የመረቡን ጥልቀት ያህል፣ ከመረቡም 1 ሜትር። ጎሉ፣ መረቡና የማዕዘን ባንዲራው ላይ አይለጠፍም።

በሽቦ አጥር ላይ ድፍን ባነር መወጠር ነፋስ ሲነሣ አጥሩን እንደ ሸራ ያስጎትተዋል፤ ምሰሶው ከሥሩ ይነቀላል። ነፋስ የሚያሳልፍ መረብ መሰል ባነር ይጠቀሙ፤ ማሰሪያውም ከአጥሩ ቀድሞ የሚበጠስ ይሁን። ያ የብረት ቦርድ በኮንክሪት ተተክሎ ከነበረ ልጅ ላይ ወድቆ ቢሆን፣ ተጎጂው በጥፋት (ቁጥር 2028) ብቻ ሳይሆን ያለጥፋት የሕንፃ ባለቤትን በሚጠይቀው 2077 ጭምር ሊከራከርብዎት ይችል ነበር።

አሁን ለክፍለ ከተማው ደብዳቤ ይጻፉ፦ ማስታወቂያው የተነሣበት ውሳኔ በጽሑፍ ከነምክንያቱ እንዲሰጥዎት፣ ባነሮቹና ብረቱም ተቆጥረው በርክክብ ሰነድ እንዲመለሱ። ንብረቱ የክለቡ ነው፤ በቃል ትእዛዝ ተወስዶ እንዳይቀር። የድጋፍ ደብዳቤውን፣ የስፖንሰሩን ውል፣ ማስጠንቀቂያውን ከደረሰበት ቀን ጋር፣ የክለቡን ምዝገባና የባንክ መግለጫውን በአንድ ፋይል አድርገው፣ ማስጠንቀቂያው የሰጠው ቀን ሳያልፍ ጠበቃ ዘንድ ይቅረቡ። እዚህ የሰጠሁት አስተያየት ሰነዶቹን ሳላይ ነው።