ይሄ ሆም ፎልደር የማን ነው?

ጥያቄውን ላላያችሁ ባጭሩ፦ ወንድማችን አዲስ ሥራ ገብቷል። በተረከበው የዊንዶውስ ፋይል ሰርቨር ላይ የሠራተኞች ሆም ፎልደር (እያንዳንዱ ሠራተኛ ፋይሉን የሚያስቀምጥበት የግል ፎልደር) ተከማችቷል። ከፊሉ የነባር ሠራተኛ ነው፣ ከፊሉ የለቀቀ ሰው። ዲስኩ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። «የፎልደሩን ስም ከአክቲቭ ዳይሬክተሪ (የመሥሪያ ቤቱ አካውንቶች መዝገብ) የተጠቃሚ ስም ጋር ላመሳክርና አካውንት ያላገኘሁለትን ልሰርዝ?» ይላል።

እንዳትሰርዝ! በስም ብቻ ከሄድክ የሰው ሥራ ታጠፋለህ። በተለይ እኛ አገር።

የውጭ ሰዎች ስለ ስም ለውጥ ሲያወሩ ብዙ ጊዜ የሚያነሱት ያገባች ሴትን ነው። የእኛዋ ብታገባም በአባቷ ስም ነው የምትቀጥለው፣ ከዚያ በኩል ሰላም ነን። የእኛ ጣጣ ሌላ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሁለት ሦስት አበበ ከበደ አይጠፋም። አንዱ ስሙ እንዳለ ይገባል፣ ሁለተኛው ቁጥር ይጨመርለታል፣ ሦስተኛው የአያቱን የመጀመሪያ ፊደል ይይዛል። አጻጻፉ ደግሞ አለ። ፀሐይን አንዱ የአይቲ ሠራተኛ በቲኤስ ይጀምራታል፣ ቀጥሎ የመጣው በቲዜድ። እሷ «ስሜ ተሳስቷል» ብላ አካውንቱ ሲታረምላት ፎልደሩ በድሮው ስም ይቀራል፤ የአካውንት ስም ስለተቀየረ ፎልደሩ አብሮ አይቀየርም። በዚያ ላይ የመግቢያ ስም ከ20 ፊደል አያልፍም፣ ረጅም ስም ያለው ሰው ጫፉ ተቆርጦ ነው የሚገባው።

ዊንዶውስ ሰውን የሚለየው በኤስአይዲ፣ ለእያንዳንዱ አካውንት በሚሰጠው የማይደገም ቁጥር ነው። ስም በር ላይ የተለጠፈ ታፔላ ነው፣ ኤስአይዲው የቤቱ ካርታ። አካውንት ሰርዘህ በዚያው ስም አዲስ ብትከፍት እንኳ ኤስአይዲው ሌላ ነው። ስለዚህ የድሮው አበበ ፎልደር ለአዲሱ አበበ አይከፈትም፣ የእሱም አይደለም። በስም ብታመሳክር ግን «ተገኘ» ብለህ ታልፈዋለህ።

እኔ የምሠራው እንዲህ ነው። በፓወርሼል (የዊንዶውስ የትእዛዝ መጻፊያ) ሁለት ዝርዝር አወጣለሁ። አንዱ ከአክቲቭ ዳይሬክተሪ፦ የመግቢያ ስም፣ ኤስአይዲ፣ አካውንቱ ክፍት ነው ዝግ፣ እና በፕሮፋይል ታቡ ላይ የተሞላው የሆም ፎልደር አድራሻ። ሌላው ከሰርቨሩ፦ እያንዳንዱ ፎልደር፣ ባለቤቱ፣ ፐርሚሽን (የመክፈቻ ፈቃድ) ላይ ያሉት ሰዎች። ከዚያ ኤክሴል ላይ አገናኛለሁ። መጀመሪያ በአድራሻው፣ ቀጥሎ በኤስአይዲው። ስም መጨረሻ ነው የሚመጣው፣ እሱም ለጥቆማ ያህል።

የፎልደሩን ኦውነር (ባለቤት) ብቻ አይተህ ግን አትፍረድ። አድሚን በእጁ የፈጠረው ፎልደር ኦውነሩ ብዙ ጊዜ «አድሚኒስትሬተርስ» ነው የሚለው። ፐርሚሽኑን እይ፣ ፉል ኮንትሮል (ሙሉ ፈቃድ) የተሰጠው አንድ ተራ ተጠቃሚ ካለ እሱ ነው። እዚያም ካልተገኘ ወደ ውስጥ ግባ። ተጠቃሚው ራሱ የፈጠራቸው ፋይሎች ኦውነራቸው እሱ ነው፤ በብዛት የሚመጣውን ስም ውሰድ።

አንድ የሚያስደነግጥ ነገር ልንገርህ። ፎልደር ሪዳይሬክሽን (የሠራተኛውን ዶክዩመንትስ ከኮምፒውተሩ ወደ ሰርቨር የሚያዞር አሠራር) ካላችሁ በኤክስፕሎረር ስትከፍተው ፎልደሩ ሁሉ «ዶክዩመንትስ» የሚል ስም ይዞ ተደርድሮ ልታገኘው ትችላለህ። ማንም ስሙን አልነካውም። ውስጡ ያለችው ዴስክቶፕ ዶት አይኤንአይ የምትባል የተደበቀች ፋይል ናት የምታሳይህ። በኮማንድ መስመር ዝርዝሩን አውጣው፣ እውነተኛው ስም ይመጣል። መጨረሻቸው ላይ ቪ2 ወይም ቪ6 የሚል ካየህ ደግሞ ሆም ፎልደር አይደሉም፣ ሮሚንግ ፕሮፋይል ናቸው፣ ሰውየው በየትኛውም ኮምፒውተር ሲገባ የሚከተለው የግል ቅንብር። የአንድ ሰው ሁለት ሦስት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ለብቻ ለያቸው።

በስም ፋንታ ኤስ-1-5-21 ብሎ የሚጀምር ረጅም ቁጥር ከመጣ ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ተሰርዟል ማለት ነው። ተስፋ አትቁረጥ፤ የተሰረዘ አካውንት ወዲያው አይጠፋም፣ በተለመደው አሠራር 180 ቀን ይቆያል። ፓወርሼል ላይ የተሰረዙትንም ጨምሮ እንዲፈልግ አድርገህ በኤስአይዲው ጠይቀው፣ ስሙን ያወጣልሃል። ጊዜው ካለፈ ውስጥ ካሉት የወርድና የኤክሴል ፋይሎች ፕሮፐርቲ ላይ የጸሐፊውን ስም ማየት ነው። ስም ካገኘህ የሰው ሀብት ክፍል ሂድ። መዝገብ ቤት ብዙ ዓመት የቆዩ አንድ እማማ አይጠፉም፣ የማን እንደሆነ ፋይል ሳይገልጡ ይነግሩሃል።

ከሁሉም በፊት ግን ቴክኦውን የሚባለውን፣ የፋይልን ባለቤትነት የሚወስድ ኮማንድ እንዳትነካ። አንድ ቦታ ከእኔ በፊት የነበረ ልጅ «አክሰስ ዲናይድ» ሲለው ዋናው ፎልደር ላይ ሆኖ ወደ ታች ሁሉንም እንዲወርስ ለቀቀው። የሁሉም ፋይል ኦውነር አድሚኒስትሬተርስ ሆነ። ሊከፈቱ ያልቻሉት ፎልደሮች ላይ ደግሞ የነበረው ፐርሚሽን በአዲስ ተተካ። ሠራተኛው በማግስቱ የራሱን ፋይል መክፈት አቃተው፣ የማን የማን እንደሆነ የሚያሳየውም ማስረጃ አብሮ ሄደ። መክፈት ከከለከለህ ዝርዝሩን የሚያወጣውን ስክሪፕት እዚያው ሰርቨሩ ላይ በሲስተም አካውንት (ዊንዶውስ ራሱ በሚሠራበት) በስኬጁልድ ታስክ (በቀጠሮ የሚነሳ ሥራ) አስኪደው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሲስተም ፈቃድ አለው። ወደ ሌላ ዲስክ ስታዛውርም ሮቦኮፒን (የዊንዶውስ የኮፒ ኮማንድ) ከነፐርሚሽኑና ከነኦውነሩ እንዲወስድ አድርገህ ነው። ኮፒ ፔስት አይሆንም።

ባለቤት ያጣውን ፎልደር ባክአፕ ያዝና ሼሩ (በኔትወርክ የሚጋራው ቦታ) ላይ እንዳይታይ አድርገህ አቆየው። «ፋይሌ የት ሄደ?» የሚል ስልክ ከመጣ ትመልስለታለህ። ምን ያህል ጊዜ እንደምታቆየው አንተ አትወስን፣ አለቃህ በጽሑፍ ይፈርምልህ። በተለይ የፋይናንስ ሰው ፎልደር ከሆነ፤ ኦዲተር ዓመት ቆይቶም ይመጣል። ለወደፊቱ ደግሞ አካውንት ስትከፍት የሠራተኛውን የመታወቂያ ቁጥር ኢምፕሎዪ አይዲ የሚለው ቦታ ላይ ሙላው፣ ሦስቱ አበበዎች እዚያ ላይ ይለያሉ።

ሰርቨሩ ዊንዶውስ ካልሆነ፣ ሊኑክስ ላይ ሳምባ (ፋይልን ለዊንዶውስ የሚያጋራ ሶፍትዌር) ወይም ናስ (በኔትወርክ የሚሠራ የፋይል ማከማቻ) ከሆነ፣ ኤስአይዲው ብዙ ጊዜ ወደ ዩአይዲ (የሊኑክስ የተጠቃሚ ቁጥር) ስለሚቀየር አካሄዱ ሌላ ነው። የትኛው እንደሆነ ጻፍልኝ።