ጃንሆይ ተሰደዱ ወይስ ተጋዙ?

ጥያቄ፦ አዳማ ነን፣ ሦስት ጓደኛሞች። ቡና ላይ ተከራክረን አንዱ «ጃንሆይ እንግሊዝ አገር ግዞት ላይ ነበሩ» አለ፣ እኔ ደግሞ «ስደት ነው እንጂ ምን ግዞት አለው» አልኩ። የተሸነፈ ማኪያቶ ይጋብዛል። ሌላም አለኝ፦ ቤይሩት የምትሠራው እህቴ፣ እናታችን ለጎረቤት «ልጄ ስደት ላይ ናት» ስትል ትናደዳለች። ማን ነው ልክ?

መልስ፦ ማኪያቶውን ጓደኛህ ይክፈል። ጃንሆይ ሚያዝያ 1928 ላይ፣ ጣሊያን አዲስ አበባ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ በባቡር ወደ ጅቡቲ ወጡ፤ አዳማን አቋርጦ በሚያልፈው በድሮው ሐዲድ ማለት ነው። ከዚያ ኢየሩሳሌም፣ ከዚያ እንግሊዝ፤ ባዝ የምትባል ከተማ ቤት ገዝተው ተቀመጡ። አገራቸው መግባት አልቻሉም እንጂ በር ላይ ዘብ ያቆመባቸው አልነበረም። ይሄ ስደት ነው።

ግዞት ሲሆን ቦታውን የሚመርጥልህ ያሰረህ ሰው ነው። በዚያው ጦርነት የተማረኩትን ራስ እምሩን ጣሊያን ፖንዛ የምትባል ደሴት ወስዶ አስቀመጣቸው። (ሙሶሊኒም በ1935 ከሥልጣን ሲወርድ እዚያችው ደሴት ላይ ታስሯል፤ ጉድ እኮ ነው!) ከአገር መውጣትም ግዴታ አይደለም። ልጅ ኢያሱ መጀመሪያ ፍቼ፣ በኋላ ጋራ ሙለታ ነው የተጋዙት።

ወደ እህትህ ስንመጣ፣ በሕጉ ልክ እሷ ናት። በ1969 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው የአፍሪካ ስምምነት ስደተኛ የሚለው በማሳደድ፣ በጦርነት ወይም በከባድ ብጥብጥ ምክንያት ድንበር የተሻገረን ሰው ነው። ለሥራ የሄደ አይገባበትም። ድንበር ያልተሻገረም እንደዚያው፤ በ2010 አካባቢ ከሶማሌ ክልል መጥተው እናንተ ዘንድ የሰፈሩት ተፈናቃይ ናቸው፣ በገዛ አገራቸው ስደተኛ ብሎ መጥራት ነውር ነው።

እናታችሁም ግን አልተሳሳቱም። በእኛ አፍ ዓረብ አገር የሄደ ሁሉ ስደት ላይ ነው። ከመስከረም 26 ጀምሮ ጽጌን የሚጾም ሰው የሚያስበው እመቤታችን ልጇን ይዛ ግብፅ መሰደዷን ነው፤ እንዲህ ባለ ቤት ያደገች እናት ቃሉን ለስድብ አታወጣውም፣ ናፍቆት ነው። ይሄን ለእህትህ ንገራት። አሁንም ካልጣማት እናታችሁ «ቤይሩት ናት» ይበሉ፣ ምን ከበዳቸው?