«አካታች» ወይስ «አሳታፊ»?

ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ የአንድ ሮታሪ ክለብ (ሮታሪ ዓለም አቀፍ የበጎ አድራጎት ማኅበር ነው) አባል ነኝ። በሰኔ ማብቂያ የክለባችንን ፕሬዚዳንትነት አንዲት እኅታችን ስለሚረከቡ፣ በአዳራሹ በሚሰቀለው ጨርቅ ላይ «ዐርማችን መንኮራኩሩ የአካታች አመራር ተምሳሌት ነው» ብለን ልናጽፍ አስበናል። አንዱ አባል «መንኮራኩር ወደ ጠፈር የሚመጥቀው ነው» ብሎ ተቃወመ፤ ሌላው «አካታች» የሚለው ቃል አልጣመውም። የእርስዎ አስተያየት ምንድን ነው?

መልስ፦ የመጀመሪያው ተቃውሞ ብዙ አያቆየንም። መንኮራኩር «አንኰርኰረ»፣ ማለትም አንከባለለ፣ ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ነው፤ ነቢዩ ሕዝቅኤል በራእዩ ያያቸው ጎማዎችም በዚሁ ስም ይጠራሉ። የጠፈሩ ትርጉም ትናንት የመጣ እንግዳ ስለሆነ ባለቤቱን ከቤቱ ሊያስወጣ አይችልም። «ተምሳሌት» ግን ጥቂት ማሰብ ይጠይቃል፤ ዐርማ ባለቤቱን ቢያስታውቅ ይበቃዋል፤ ተምሳሌት ግን፣ ቃሉ ከ«መሰለ» የተገኘ በመሆኑ፣ የሚወክለውን ነገር በጠባዩ መምሰል አለበት። የእናንተው መንኮራኩርም የሚወክለውን ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1905 ፖል ሃሪስና ሦስት ባልንጀሮቹ ቺካጎ ላይ ሲጀምሩ፣ ስብሰባው በየተራ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ይዞር ስለነበር ክለቡን ከመዞሩ «ሮታሪ» (በእንግሊዝኛ «ዟሪ») የሚል ስም አወጡለት፤ የጽዋ ማኅበርተኛ የሆነ አንባቢ ይህን ያለ አስረጂ ይረዳዋል። የመጀመሪያው ዐርማ ተራ የጋሪ ጎማ ነበር። በ1920ዎቹ 24 ጥርስና 6 ቅትር (ከመሐሉ ወደ ጠርዙ የሚዘረጋ ዘንግ) ያለው ሆኖ ሲወሰንም፣ መንኮራኩሩን ከዘንጉ ጋር የሚያስተሳስር ቁልፍ የሚገባበት ሽንቁር መሐሉ ላይ ተጨመረለት፤ ያለዚያ ዘንጉ ቢዞር እርሱ ቆሞ፣ እርሱ ቢዞር ዘንጉ ቆሞ ይቀራል።

አሁን እኔን ወደሚያንገበግበኝ ቃል ልምጣ። «አካታች» የመጣው ከ«ከተተ» ነው። እህል ከጎተራ ይከተታል፣ ልብስ ከሻንጣ ይከተታል፤ አካታቹ እጅ ያለው ነው፣ የሚካተተው ግን ዝም ብሎ ይገባል። «አሳታፊ» ደግሞ ከ«ተሳተፈ» ሲሆን፣ ከጀርባው የግእዙ «ሱታፌ» አለ፤ ዕብራይስጡ የሥራ ሸሪክን «ሹታፍ» ሲል፣ አራማይኩም ከዚያው ሥር ይቀዳል፣ ከዚያም አልፎ የጥንቷ ሜሶጶጣሚያ ቋንቋ እስከሆነው አካድኛ ድረስ የሚከተለው ሰው የሚያገኘው ያንኑ የሽርክና ትርጉም ነው። ሸሪክ ድርሻ አለው፤ የተካተተ ሰው ያለው ቦታ ብቻ ነው።

ልዩነቱን የሮታሪ የራሱ ታሪክ ያሳያል። በካሊፎርኒያ የሚገኘው የዱዋርቴ ክለብ እ.ኤ.አ. በ1977 ሦስት ሴቶችን አባል አድርጎ በመቀበሉ በማግሥቱ ዓመት ከሮታሪ ተሰረዘ፤ ክርክሩ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1987 ለሴቶቹ ተፈረደ፣ በ1989ም ሮታሪ በዓለም ዙሪያ ሕጉን ለወጠ። ይህ ማካተት ነው፣ ስሙም ተገቢ ነው። የመጀመሪያዋ ሴት፣ ካናዳዊቷ ጄኒፈር ጆንስ፣ የሮታሪ ኢንተርናሽናል ፕሬዚዳንት የሆኑት ግን በ2022 ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን 33 ዓመት «አካታች» የሚለው ቃል አይሸፍነውም።

በዚህ የማይስማሙኝ አሉ። «ተሳትፎ ሌላ፣ አካታችነት ሌላ ነው፤ በሩ ካልተከፈተለት ማን ይሳተፋል?» ይላሉ። ክርክራቸው ባዶ አይደለም፤ እንዲያውም እነርሱ ያላነሡትን ማስረጃ እኔው ላቀብላቸው። ዐፄ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. በክተት ዐዋጃቸው ሠራዊቱ ወረኢሉ እንዲከት ሲያዙ፣ የሚከተው ወታደሩ ራሱ ነበር እንጂ ማንም እንደ ስልቻ አልጫነውም። ስለዚህ «ከተተ» ሁልጊዜ ሰውን ዕቃ ያደርጋል ማለት አልችልም። ሆኖም ጆሮዬ አልተቀየረም፤ «አካታች» በሰማሁ ቁጥር የሻንጣ ዚፕ ሲዘጋ ይሰማኛል።

የጆሮዬ ነገር ግን ዐዋጅ አይደለም። ትምህርት ቤቱ «አካቶ ትምህርት» ካለ ቆይቷል፤ ስለ ሀገራዊ ምክክር የሚናገር ሁሉም «አካታች» ሳይል ዐረፍተ ነገር አይጨርስም፤ ልጆቻችንም ቃሉን ያለ አንዳች ቅሬታ ይጠቀሙበታል። ቃሉ ሥር ሰድዷል፣ እኔም ልነቅለው አልሞክርም።

እንግዲህ ጨርቁ ገና ካልታተመ «ዐርማችን ባለጥርሱ መንኮራኩር የአሳታፊ አመራር ተምሳሌት ነው» ብላችሁ ጻፉ፤ ጥርስ ከጥርስ ገጥሞ ካልገፋ የማይዞር ነገር ከ«አሳታፊ» ጋር ይስማማልና። ከታተመ ግን «አካታች» እንዳለ ይሰቀል፤ ለእኔ ጆሮ ሲባል የክለቡ ገንዘብ ለማተሚያ ቤት ሁለት ጊዜ መከፈል የለበትም።