ስኒው ለምን ይንጋደዳል ላልሽው

እህቴ፣ «ጀበናና ስኒ በእርሳስ፣ በመስመር ብቻ ልስል ስል ስኒው ይንጋደድብኛል፤ ችግሩ እጄ ነው ወይስ እርሳሱ?» ብለሽ የጠየቅሽውን አየሁት። ሁለቱም አይደሉም። የለጠፍሽውን ሥዕል ሳየው የራሴን የመጀመሪያ ደብተር ያየሁ ነው የመሰለኝ።

እስኪ ስኒሽን ተመልከቺው። አፉን ድብልብል ክብ፣ ታቹን ደግሞ ቀጥ ያለ መስመር አድርገሽዋል። የስኒ አፍ ክብ መሆኑን ታውቂያለሽ፣ ጠረጴዛው ጠፍጣፋ መሆኑንም ታውቂያለሽ፤ የሳልሽው የምታውቂውን እንጂ ያየሽውን አይደለም። ከተቀመጥሽበት ሆነሽ ስታዪው አፉ ሞላላ ነው። ታቹም ወደ አንቺ ጎበጥ ይላል፤ እንዲያውም ከዓይንሽ ይበልጥ ዝቅ ስለሚል ጉብጠቱ ከአፉ ትንሽ መብለጥ አለበት። ካላመንሽኝ ስኒውን አንስተሽ ቀስ እያልሽ ወደ ዓይንሽ ትክክል ከፍ አድርጊው። አፉ እየጠበበ፣ እየጠበበ ይሄድና በመጨረሻ አንዲት መስመር ብቻ ይሆናል። ይህ የገባኝ ቀን ባዶ ስኒ ይዤ ከፍ ዝቅ ሳደርግ እናቴ «ቡናው ገና ሳይፈላ ምን ነካህ?» አለችኝ።

እኔን የጠቀመኝ አንድ ልምምድ አለ። ወረቀቱን እንዳይንሸራተት በፕላስተር ጠረጴዛው ላይ ለጥፊው። ከዚያ ዓይንሽን ዕቃው ላይ ተክለሽ፣ ወረቀቱን ጨርሶ ሳታዪ፣ እርሳሱንም ሳታነሺ ጠርዙን ተከተዪ። መብራት ሲጠፋ ግድግዳ እየዳበስሽ እንደምትሄጂው፣ እንደዚያ ቀስ ብለሽ። ለአንድ ዕቃ አምስት ደቂቃ ስጪው። የሚወጣው ነገር ያስቃል፣ የእኔ የመጀመሪያ ጀበና ቁርጥ ዝይ ነበር የሚመስለው። ግን ሁለት ሳምንት በየቀኑ ከሠራሽው በኋላ ወረቀቱን አልፎ አልፎ እያየሽ ስትስይ ልዩነቱን ራስሽ ታዪዋለሽ።

ሌላው፣ የጀበናው እጀታ። እጀታውን ራሱን ለመሳል አትታገዪ። በእጀታውና በሆዱ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ እዪና የእሱን ቅርጽ ሳዪ፣ እጀታው በራሱ ይመጣል። ደግሞ የውጭውን ዙሪያ ብቻ አውጥተሽ አትተዪው፤ እንደሱ ከሆነ ከካርቶን የተቆረጠ ነው የሚመስለው። አንገቱ ከሆዱ የሚገናኝበት፣ እጀታው የተጣበቀበት፣ የአፉ ውስጠኛ ከንፈር፣ እነዚህም መስመር አላቸው። ጀበናው ማቶቱ ላይ የተቀመጠበት ጋ ጫን በዪ፣ ብርሃን የሚያርፍበት ጋ ደግሞ መስመሩን አሳሺው፣ ቢቋረጥም ግድ የለም። ኮሜንት ላይ «ጥላ ጨምሪበት» ያሉሽን አሁን አትስሚያቸው። የተንጋደደ ስኒ ጥላ ቢጨመርበትም ያው የተንጋደደ ስኒ ነው።

እርሳስ ለጠየቅሽው፣ ተራ ኤችቢ (ላዩ ላይ HB የሚል የተጻፈበት) ይበቃል። 2ቢ ካገኘሽ መስመሩ ለስለስና ጠቆር ይላል። 6ቢ ግን ገና እጅሽ ሲነካው ወረቀቱን ሁሉ ያጠቁረዋል። እኔ በመቅረጫ ሳይሆን በምላጭ ነው የምቀርጸው፣ ጫፉ ረዘም ይልልኛል (ጣትሽን ተጠንቀቂ እንጂ)። ላጲሱን ደግሞ ሌላ ክፍል አስቀምጪው። የተሳሳተውን መስመር ተዪው፣ ትክክለኛውን ከጎኑ ሳዪ፤ ካጠፋሽው የት እንደሳትሽ በምን ታውቂያለሽ?

አንድ ነገር ልጨምር፣ ጀበና ለጀማሪ ከባድ ነው። ሆዱ ግራና ቀኙ እኩል ስለሆነ ትንሽ ስትስቺ ወዲያው ያሳብቃል። አሮጌ ጫማ ግን ከነማሰሪያው የተጨማደደ ስለሆነ ብትስቺም ማንም አያውቅብሽም፣ መስመሩም ብዙ ነው። እኔ ብሆን ከበር ላይ አንዱን አንስቼ ዛሬ ማታ እጀምር ነበር። ስትጨርሺ እዚሁ ለጥፊው፣ ዝይ ቢመስልም።