የቆሎ ጓደኛ ለመባል የቆሎ ተማሪ መሆን ያስፈልጋል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ከገባች ወዲህ «ባቼ» የሚለው ቃል ከአፏ አይጠፋም። በቀደም ከአንደኛ ክፍል ጀምራ አብራኝ የተማረችውን ሴት «የቆሎ ጓደኛዬ ናት» ብዬ ሳስተዋውቃት፣ «እማዬ፣ እናንተ እኮ የቆሎ ተማሪ አልነበራችሁም!» አለችኝ። እውነት ተሳስቻለሁ? የእሷ «ባች»ስ ከእኔ ቃል ጋር አንድ ነው?
አንዲት እናት፣ ከአዳማ

መልስ፦ እህቴ፣ አልተሳሳቱም። ልጅዎም ግን ዝም ብላ አልተናገረችም። ቃሉ ከየት ቤት እንደወጣ አውቃለች።

እኔ ከዚያ ቤት ነው የወጣሁት። ጎጃም ውስጥ ዳዊት ልማር ከወላጆቼ ስለይ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የቆሎ ተማሪ ቀለብ የሚሰፍርለት የለም። የኔታ ቀለሙን ይሰጡታል፤ ሆዱን የሚችለው ራሱ ነው። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ለውሻው በትር ይዞ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ስለ ማርያም ስም ማለት ነው። ሲቀናው ቁራሽ እንጀራ፣ ሳይቀናው እፍኝ ቆሎ ይዞ ይመለሳል። እንጀራው ይሻግታል፤ ቆሎው ግን ለክፉ ቀን ይቆያል። ተማሪውም በስንቁ ተጠራ።

አንድ ክረምት ውሻ እግሬን ነክሶኝ ከጎጆ መውጣት አቃተኝ። አብሮኝ የሚያድረው ልጅ የለመነውን ይዞ ይመጣል። ቆሎውን ደበሎው ላይ ያፈሰውና ለሁለት ይከፍለዋል። ከዚያ ከራሱ ድርሻ ሽምብራ ሽምብራውን እየለቀመ ወደ እኔ ይገፋዋል። ገብሱ ለእሱ ይቀራል። ሽምብራ እንደምወድ ነግሬው አላውቅም። ሲመሽ ደግሞ የኔታ በዚያ ቀን ያስተማሩትን በቃሌ እስክይዘው ይደጋግምልኛል። «የቆሎ ጓደኛ» ሲባል ዛሬም ዓይኔ ላይ የሚመጣው ሽምብራ የሚለቅመው ጣቱ ነው።

ቃሉ ግን ከቤተ ክርስቲያን ግቢ ከወጣ ቆይቷል። አሁን በልጅነት አብሮ የተማረ፣ አብሮ ያደገ፣ ገመናችንን የሚያውቅ ወዳጅ ሁሉ የቆሎ ጓደኛ ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይለዋል። ወንድም ሴትም ይባልበታል። ስለዚህ «የቆሎ ጓደኛዬ ናት» ማለትዎ ልክ ነው። ሁለታችሁን አንድ ላይ ሲያነሱ ደግሞ «የቆሎ ጓደኛሞች ነን» ይበሉ። «ጓደኞች» ሲሉ ብዛታቸውን ነው የሚናገሩት። «ጓደኛሞች» ሲሉ ግን አንዷ ለሌላዋ ጓደኛ መሆኗ ይሰማል። ይህችን «ሞች» በጣም እወዳታለሁ። አሁን አሁን ወጣቶቹ «ጓደኞች ነን» እያሉ ሲተዋት ስሰማ ይቆጨኛል።

ለቁጣም እንጠቀምበታለን። አንድ ወጣት ትልቅ ሰው ላይ ከልክ በላይ ሲቀልድ «የቆሎ ጓደኛህ መሰልኩህ እንዴ?» ይባላል። በዚህ ቃል ውስጥ እኩያነት አለ፤ ክቡር፣ ወይዘሮ፣ አንቱ የሚባል ነገር የለም።

ወደ ልጅዎ ቃል ልምጣ። «ባች» ከእንግሊዝኛ ገብቶ ካምፓስ ውስጥ አማርኛ የሆነ ቃል ነው። አንድ ዓመት ላይ አብረው የገቡ ተማሪዎች አንድ ባች ናቸው። «ባቼ ነው» ማለት እንግዲህ «ከእኔ ጋር በአንድ ዓመት የገባ ነው» ማለት ነው። ቀድሞ የገባው ሲኒየር ይባላል። ባች ብዙ ሰው ስለሆነ ልጅዎ ባቿ የሆነውን ሁሉ በስም ላታውቅ ትችላለች። «የክፍል ጓደኛ» ጠበብ ይላል፤ አንድ ክፍል አብሮ መቀመጥ ይበቃዋል። ጓደኛ ይባል እንጂ መዋደድን አይጠይቅም። «ባልደረባ»ን ለሥራ ቦታ ይተዉት። ልጅዎ «ዶርሜ» የምትላት ካለች ግን እሷን ይጠይቋት። ብር ሲያልቅ የሚበደሩት፣ ፈተና ሲደርስ አብረው የሚያነጉት ከዶርም ልጅ ጋር ነው። ለእኔ ከባች ይልቅ ለቆሎ ጓደኛ የምትቀርበው እሷ ናት።

ያ ሽምብራ የሚለቅምልኝ ልጅ ዛሬ መሪጌታ ነው። ራሱ ጉባኤ ዘርግቶ ያስተምራል። ልጠይቀው ስሄድ ተማሪዎቹ ፊት ጎንበስ ብዬ «መሪጌታ፣ እንደምን ሰነበቱ?» እለዋለሁ። ተማሪዎቹ ሲበተኑ በሩን ገርበብ ያደርግና «አንተ፣ እግርህስ?» ይለኛል።